«አልችልም» ያልኩበት ቀን

የአሜሪካ ሲቲዝን ከሆንኩ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ የጁሪ ደብዳቤ መጣልኝ፤ ፍርድ ቤት ተቀምጠው ከሚፈርዱት ተራ ዜጎች አንዱ እንድሆን ማለት ነው። የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አካባቢ ነው። ቡና ላይ ለጓደኞቼ ሳሳያቸው ምክራቸው አንድ ነበር፦ «እንግሊዝኛ አልችልም በልና ተገላገል!» እኔ ግን መዋሸት አልፈለግሁም። እጄን አንስቼ የማልኩት ለዚህም ጭምር ነው ብዬ ሄድኩ።

የሌብነት ወይም የመኪና አደጋ ክስ ይሆናል ብዬ ነበር። የሰጡን መጠይቅ ግን ስለ ሞት ቅጣት ይጠይቃል። ሃይማኖትህ ምን ይላል? ሰው በሞት እንዲቀጣ መወሰን ትችላለህ? እስክሪብቶው እጄ ላይ ከበደኝ። እኛ አገር ይሄ የዳኛ ሸክም ነው። እዚህ የሚጠይቁት እኔን፣ ታክሲ ነጂውን ነው።

ከቀናት በኋላ ብቻዬን አስገቡኝ። ተከሳሹ በጠበቆቹ መሃል ተቀምጧል። ጥቁር ወጣት ነው። የሸሚዙ ኮሌታ በጣም ሰፍቶት አንገቱ ቀጭን ሆኖ ይታያል። ስገባ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ልክ እኛ ዘንድ ታላቅ ሲገባ እንደሚነሱት።

አቃቤ ሕጓ በትህትና ጠየቀችኝ፦ ማስረጃው ካሳመነዎ የሞት ቅጣት የሚያስከትል ውሳኔ መስጠት ይችላሉ?

«አልችልም» አልኩ። ልቤን እንኳ በደንብ አልመረመርኩም። ደክሞኛል፣ የስንት ቀን ገቢ ቀርቶብኛል። ተከላካይ ጠበቃው ሊያብራራልኝ ሞከረ፤ እኔ ያንኑ ደገምኩለት። ዳኛዋ አመስግነው አሰናበቱኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ እፎይ አልኩ።

እፎይታዬ የቆየው ሕግ የምትማረው የእህቴ ልጅ እስክትመጣ ነው።

«ጋሼ፣ የሞት ቅጣትን መቃወም ብቻውን እኮ አያስወጣህም» አለችኝ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የወሰነው በፈረንጆቹ 1968 ነው። ጥያቄው እምነትህን ወደ ጎን ትተህ ሕጉን መከተል ትችላለህ ወይ ነው። ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ጁሪውን በቀጥታ «ይሙት ወይ?» አይሉትም። ሰውየው ወደፊትም አደገኛ ይሆናል ወይ? በሕይወት እንዲቆይ የሚያበቃ ምክንያት አለ ወይ? ብለው ነው የሚጠይቁት። ይህንንማ ሰምቼ፣ አመዛዝኜ መመለስ እችል ነበር! ሞት ለመፍረድ 12ቱም የጁሪ አባላት መስማማት አለባቸው። አንድ ሰው እንኳ በአቋሙ ከጸና ተከሳሹ ዕድሜ ልኩን ይታሰራል እንጂ አይገደልም።

ከዚያ የቶማስ ሚለር-ኤልን ጉዳይ አነበበችልኝ። በፈረንጆቹ 1986 እዚሁ ዳላስ ሞት የተፈረደበት ጥቁር ነው። ለጁሪነት ብቁ ከነበሩት 11 ጥቁሮች አቃቤ ሕጎቹ 10ሩን አስወጥተዋል። የባሰው አጠያየቃቸው ነው። የሞት ቅጣቱ እንዴት እንደሚፈጸም እያንዳንዷን ነገር በሚዘገንን ሁኔታ ይተርኩና ከዚያ «ትችላለህ?» ይላሉ። ይህን የሰሙት ከጥቁሮቹ እጩዎች 53 በመቶ፣ ከነጮቹ 6 በመቶ ብቻ ናቸው። ሰው ደንግጦ «አልችልም» እንዲል ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን የሻረው በፈረንጆቹ 2005 ነው፤ ከ19 ዓመት በኋላ።

እኔን ማንም አላስደነገጠኝም። በራሴ አፍ ነው የወጣሁት። እንደ እኔ የሚያመነታው ሁሉ ሲወጣ፣ ለመፍረድ የሚቀሩት ሞት የማይከብዳቸው ናቸው።

ያን ቀን ስወጣ ልጁ እንደገና ተነስቶልኝ ነበር። እኔ የመኪና ቁልፌን እየፈለግሁ ስለነበር ቀና ብዬ አላየሁትም።