አይዞል ላይ እሑድ የዋለ ሰው

የሕንዷ ሚዞራም ግዛት ዋና ከተማ አይዞል የገባሁት ቅዳሜ ማታ ነው። ከሌንግፑይ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ባለታክሲው ግን አብረውኝ ከወረዱት ሰዎች እጥፍ ተቀበለኝ። ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ስለ መንገዱ ጠመዝማዛነት ባላወራ ይሻለኛል፤ ሆዴ አሁንም ያስታውሰዋል።

እሑድ ጠዋት ቡና ፍለጋ ወጣሁ። ሱቁ ዝግ፣ ምግብ ቤቱ ዝግ፣ ታክሲም የለም። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ ጥግ ባለችው ሚዞራም በ2011 (እ.ኤ.አ.) ቆጠራ ከመቶ ሰው 87ቱ ክርስቲያን ነው፤ የሚበዛው ፕሬስቢቴሪያን የሚባለው የፕሮቴስታንት ክፍል ነው። ሰንበት ሲሉም የምር ነው። በብስኩት ስውል ያየችኝ የማደሪያዬ ባለቤት አዘነችልኝና ወጥ ቤት አስገባችኝ።

ሩዙን ከመጣዷ በፊት አንድ እፍኝ ቀንሳ ለብቻው አስቀመጠች። ቡህፋይ ታም ይሉታል። ምግብ በተሠራ ቁጥር ለቤተ ክርስቲያን የሚቀነስ ድርሻ ነው፤ ተሰብስቦ ይሸጥና ገንዘቡ ለስብከት ሥራ ይውላል። ሚሲዮናውያኑ የመጡት በ1894 ነው፤ ልማዱም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በእጇ ሳንቲም የሌላት ሴት ሳትቀር ሰጪ ትሆናለች። ብልሃቱን ወደድኩት።

በማግስቱ ጎረቤት ሰው ሞተ። ወጣቶቹ ለቀስተኛው ቤት ከበሮ እየመቱ ሲዘምሩ አደሩ፤ እኔንም አላስተኙኝም። ሲነጋ መቃብር የሚቆፍሩት እነዚያው ልጆች ነበሩ። የሚያሰማራቸው በ1935 በሚሲዮናውያንና በአገሬው መሪዎች የተቋቋመው የሚዞ ወጣቶች ማኅበር ነው፤ በየሰፈሩ ቅርንጫፍ አለው። ለእኔ ሰፈር እድር ቢቀርብም ልዩነት አለው፤ እኔ ከቀብር ቀርቼ ቅጣት መክፈልን የምመርጥ ሰው ነኝ።

እጁን ከጭቃ የሚያጸዳውን አንዱን ልጅ፣ «የማይመጣ ሰውስ?» አልኩት።

«የት ይሄዳል?» ብሎ ሳቀ።

ቤቶቹ ገደሉ ላይ ተደራርበዋል፤ የአንዱ ጣሪያ ለሌላው ግቢ ነው። እውነትም የት ይሄዳል! የማይዘምር፣ የማያምን፣ ወይም እንደኔ ሰነፍ የሆነ ሰው እዚህ እንዴት እንደሚኖር አሰብኩ። ሬሳው ግን ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻውን አልተተወም።

ማታ ቢራ አማረኝ። በሕግ ክልክል ነበር፤ ክልከላውን ሲወተውቱ የኖሩትም አብያተ ክርስቲያናቱ ናቸው። ሻይ ጠጥቼ ተኛሁ።