በሙዳይና በቆርኪ የምንጫወተው የዓለም ፍጻሜ

ሞርክ ቦርግ የሚባል ጨዋታ ጀምረናል። ስዊድናውያኑ ፔሌ ኒልሰንና ዩሃን ኑር እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ነው። ለሌላው ዓለም አዲስ ላይሆን ይችላል። ባሕር ዳር ላይ ግን ከእኛ ሌላ የሚጫወት ሰው አላጋጠመኝም። ካላችሁ ብቅ በሉ፣ እንተዋወቅ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው በአፍ የሚጫወቱት ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፣ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ። ተራኪው "በሩ ዝግ ነው፣ ከውስጥ የሚያቃስት ሰው ይሰማል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል። የፈለጋችሁትን ትላላችሁ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ከሆነ ዕጣ ይወጣል። በሞርክ ቦርግ ዓለም ፀሐይ የከዳችው አገር ውስጥ ናችሁ፤ ሕዝቡ ተርቧል፣ ትንቢቱ አንድ በአንድ እየደረሰ ነው። ጀግና የሚባል ነገር የለም። የሚደርሳችሁ የከዳ ወታደር፣ መናፍቅ የተባለ ቄስ ወይም የተዋረደ የንጉሥ ዘር ነው። ሁሉም በአንድ ምት የሚሞት ልፍስፍስ ነው።

ጨዋታው ባለ 20 ፊት ዳይስ ይፈልጋል። እሱን እዚህ ከየትኛው ሱቅ ታመጣላችሁ? የስልክ አፕ ሞከርን፣ አልሆነም፤ ስልክ ከተነሳ ሁሉም ቴሌግራሙ ውስጥ ይገባል። መላውን ያመጣችው ነርሷ ጓደኛችን ናት። የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባ ውስጣቸው ላይ ከ1 እስከ 20 በማርከር ጻፈችና የእናቷ ሙዳይ ውስጥ ከተተቻቸው። ሳታዩ አንድ ታወጣላችሁ፣ ቁጥሩን ትጠራላችሁ፣ ትመልሳላችሁ። መመለስ ግዴታ ነው፤ ካልተመለሰ ዕድሉ ይዛባል። ለባለ 6 ፊቱ የሉዶ ዳይስ ይበቃናል።

መጀመሪያ ላይ ሌላው ጓደኛችን፣ ኢንጂነሩ፣ በላይ በላዩ 20 ሲያወጣ ዕድለኛ ነው ብለን ነበር። በኋላ ነርሷ ቆርኪውን ብርሃን ላይ አየችው። 20 የተጻፈበት ሲከፈት መሐሉ ጎብጧል፤ ሰውየው ሙዳይ ውስጥ በጣቱ እየዳበሰ ነበር የሚለቅመው። "ታዲያ ቅልጥፍናዬ አይደል?" አለ ሳያፍር። ነርሷ ዘነዘና አምጥታ ሁሉንም እኩል ጠፈጠፈቻቸው።

የምንጫወተው ሽምብጥ፣ ነርሷ ቤት ነው። እትዬ፣ የነርሷ እናት፣ የዘጌ ቡናቸውን እያፈሉ ቆርኪ ሲንኳኳ ሰምተው "በገንዘብ ነው እንዴ?" ብለው ጠየቁ። አይደለም አልናቸው። "ታዲያ ምን አስጮኻችሁ?"

ከሕጉ ሁሉ የወደድኩት በውጊያ ጊዜ ተራኪው ዕጣ አለማውጣቱን ነው። ተራኪዋ እኔ ነኝ። ጭራቁ ሲመጣባችሁ ማምለጣችሁን የሚወስነው በራሳችሁ እጅ የወጣው ቆርኪ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 12 መድረስ አለባችሁ። ስትሞቱ እኔን አታኮርፉም። ኩርፊያ ለምንወድ ሰዎች ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በፊት ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን የዚሁ ዓይነት ጨዋታ ሞክረን ገጸ ባሕርይ ስንፈጥር ብቻ ይመሽብን ነበር። እዚህ የኢንጂነሩ ወታደር አቦሉ ሳይቀዳ ሞቶ በቶናው ሌላ ሰው ሆኖ ተመልሷል። ሞት ሲረክስ ሳቁ በዛ፤ ጨለማ የተባለውን ጨዋታ በሳቅ ነው የምንጨርሰው።

ጭቅጭቁ የመጣው ከመዓቱ ነው። በጨዋታው ውስጥ በነጋ ቁጥር ተራኪው ዳይስ ይጥላል። 1 ከወጣ አንድ መዓት ይወርዳል። ባለ 100 ፊት ከመረጣችሁ ዓለሙ ይቆያል፣ ባለ 2 ከሆነ ወዲያው ነው። እኛ ባለ 6 መረጥን። ሰባተኛው መዓት ሲደርስ ሁሉም ያበቃል፤ መጽሐፉ ራሱ አቃጥሉኝ ይላል። (እኛ ጋ ያለው በነጻ የሚገኘው፣ ሥዕል የሌለው ፒዲኤፍ ነው። ስልኬን አላቃጥልም።) ታዲያ መዓቶቹ የተጻፉት እንደ መዝሙር፣ በምዕራፍና በቁጥር ነው። ዲያቆኑ ይሄን ሲሰማ ቆርኪውን አስቀመጠ። ዲያቆን አይደለም፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ስለሚዘምር ነው እንዲያ የምንለው።

"በመዝሙር አልጫወትም።"

"ልብ ወለድ ነው እኮ" አለ ኢንጂነሩ።

"ልብ ወለድ ከሆነ ሌላ ስም ይውጣለት።"

እኔ ከዲያቆኑ ጋር ነበርኩ። ስቶክሆልም ላይ ቀልድ የሆነ ነገር እዚህ ቀልድ ላይሆን ይችላል፤ ደግሞ ሰው ቅር ብሎት የሚቀመጥበት ጨዋታ ምኑ ጨዋታ ነው? መዝሙሩን አወጣንና አንድ ደብተራ ጽፎ ያልጨረሰው ክታብ አደረግነው። ታሪኩን ወደ ጣና አመጣነው፣ ግን የአንድም ገዳም ስም አይነሳም፣ ታቦት የሚባል አይገባም። ደሴቱ የፈጠራ ነው።

ዲያቆኑ ግን በዚህ አልተወንም። "ጨለማ ከፈለጋችሁ በላዔ ሰብእ አለላችሁ" አለ። ዘጌ ሄዶ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ግድግዳ ያየ ያውቀዋል። 78 ሰው በልቶ፣ በእመቤታችን ስም ለተጠማ ሰው በሰጠው ጥርኝ ውሃ የዳነው። "የእናንተ ጨዋታ ጥርኝ ውሃ የለውም?"

የለውም። ስለዚህ አንድ ሕግ ጨመርን፦ የመጨረሻ ውሃውን ለጠላቱ የሰጠ ሰው ካለ፣ ንጋት ላይ 1 ሲወጣ ዳይሱ አንድ ጊዜ በድጋሚ ይጣላል። ኢንጂነሩ ጨዋታውን አለሰለሳችሁት ብሎ አማረረ። እኔ ግን ጨዋታው ይብስ ከበደ ባይ ነኝ። በፊት ማንም ውሃውን አይቆጥርም ነበር፤ አሁን ሁሉም ቅሉን እየነቀነቀ ነው የሚሄደው።

ባለፈው እሑድ በጨዋታው ታንኳ ላይ ነበሩ። ሐይቁ ጠቁሯል፣ ውሃው አይጠጣም። ሌሊቱን እንቦጭ ዳርቻውን ዘጋው ስላቸው ኢንጂነሩ "ይሄማ ዜና ነው" አለ። ቀጥዬ ታንኳው ውሃ ጠጥቷል አልኳቸው። መጽሐፉ ስለ ደንገል ታንኳ ምንም አይልም፤ እነሱ ግን ሕግ አላስፈለጋቸውም። ደንገል ሲርስ እንደሚከብድና ፀሐይ ላይ ካልደረቀ እንደማይሆን እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። የት አገር ፀሐይ! ማን ይውረድ በሚለው ተጨቃጨቁ። መሐል ላይ ሲያሳድዳቸው የከረመው አዳኝ፣ ቆስሎ፣ እንቦጩ ላይ ተንጠልጥሎ ውሃ ለመናቸው። ነርሷ ቅሏን አየች። ዲያቆኑን አየች። ሰጠችው።

ነጋ። ሉዶውን ጣልኩ፣ 1። ሁሉም "ይደገም!" ብሎ ጮኸ። እትዬ ሳይቀሩ ከጓዳ ወጡ። ደገምኩት።

1።

ነርሷ እስከ ዛሬ "ውሃዬን መልሱልኝ" እያለች ነው።