ደክሞት ነው

«ተዉት፣ ደክሞት ነው።»

ይህን ያሉኝ እናት ቤታቸው የት እንደሆነ ባውቅ፣ ደክሞኝ እንዳልነበረ ሽማግሌ ልኬ አስረዳቸው ነበር።

ማክሰኞ ማታ ነው። ከአያት ወደ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ከመገናኛ አያት አንድ ሂሳብ፣ ከአያት አባዶ ሌላ ሂሳብ። ሲመሽ አንዱን መንገድ ቆርጠው ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እያሉ ይሸጡልናል። ሆሊውድም ከእነሱ ሳይማር አይቀርም።

ጋቢና የተቀመጡ ሁለት ልጆች ስለ ተርሚኔተር ፊልሞች ይከራከራሉ። አንዱ «ከሁለተኛው በኋላ የተሠራው ሁሉ ገለባ ነው» ይላል። ሌላው የ2019ኙን ይዞ ሞቷል። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ አምስተኛውን እንዳልተሠሩ ቆጥሮ ከሁለተኛው ይቀጥላል አለ። ልክ እንደ አዲስ ኃላፊ፣ የቀድሞውን ፋይል ቆልፎበት። «ያንን ሁለተኛው ላይ የዳነውን ልጅ፣ ጆን ኮነርን፣ ገና ሲጀምር ገድሎ ምኑን ነው የሚቀጥለው?» አለ የመጀመሪያው።

ዝም ብል ምን ነበረበት?

«ሁለተኛውማ ቆሻሻ ነው!» አልኩ ከኋላ ወንበር።

ጋቢናው ዞረ። «የ1991ዱ?»

«አዎ! አንደኛው ላይ አርኖልድ ያንን ልጅ ሲያድነው፣ መጨረሻ ላይ እየቀለጠ አውራ ጣቱን ሲያሳየው…» እዚህ ጋ ድምፄ ትንሽ ተሰበረ። «ሁለተኛው ላይ ሴት ሮቦት አምጥተው አበላሹት እንጂ!»

ታክሲው ጸጥ አለ። ረዳቱ ብቻ ዝም አላለም። 17 ዓመት ቢሆነው ነው።

«ፋዘር፣ አንደኛው ላይ አርኖልድ ወንበዴው ነው። የ1984ቱ ላይ የጆንን እናት ሣራን ሊገድል ነው የሚመጣው። አክተሩ ካይል ሪስ ነው፣ እሱም ይሞታል። አንተ አንደኛ የምትለው ሁለተኛው ነው። ሁለተኛ የምትለው ደግሞ ሦስተኛው። ሂሳብ!»

ጥፋቱ የኔ አይደለም። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት በር ላይ ሰሌዳ ነበር። በጠመኔ «ቁ. 1 አርኖልድ» ይላል። ለካ የቀኑ አንደኛ ፊልም ማለቱ ነው። ቁ. 2 ህንድ ነበር! ከ20 ዓመት በላይ በአንድ ጠመኔ ተሸውጄ ኖርኩ። የሚያናድደው ደግሞ፣ እኔና ያ ልጅ አንዱን ፊልም እያደነቅን ነው የተጣላነው።

ሰው ሁሉ ሲስቅ ነው ከጎኔ ዘንቢል የታቀፉት እናት ያንን ያሉት። ስድብ ቢሆን እመልስ ነበር። ደክሞት ነው ለሚል ሰው ምን ይመለሳል? ይባስ ብለው ለረዳቱ «የሱንም ከዚሁ ቁረጥ» አሉት። ሂሳቤን ከፈሉልኝ! እንደ በሽተኛ! ስወርድም «አይዞህ፣ እንቅልፍ ተኛ» ብለው መረቁኝ።

አልተኛሁም። ምኔን አይተው ነው? ፊቴን ነው? ጃኬቴን? ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ዓይኔን ሳገላብጥ ቆየሁ። እውነትም የደከመኝ መሰለኝ። ሚስቴን «ደክሞኛል እንዴ?» አልኳት።

«ምን ሠርተህ?» አለችኝ።

ሐሙስ ማታ አያት ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። በሩን የያዘው ያው ረዳት ነው። እንዳላየ ያልፈኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ።

«ቁጥር አንድ!» አለ። «እስቲ ጠጋ በልላቸው።»

ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር አራተኛ ሆኜ ተጠጋሁ።