ዮሴፍ እንዴት እንቅልፍ ወሰደው?

በገና ሰሞን የሚመጣብኝ አንድ ስም የለሽ መክፋት አለ። ኀዘን እንዳልለው ኀዘን አይደለም፣ ድካም እንዳልለውም ቀኑን ሙሉ የረባ ነገር አልሠራሁም። ብቻ ሰው ሁሉ በአንድ ሳምንት ሰላም እንዲሰማው የታዘዘ ሲመስለኝ ውስጤ እምቢ ይላል። «የሰላምና የደስታ በዓል ይሁንልሽ» የሚል መልእክት በደረሰኝ ቁጥር የቤት ሥራዋን ሳትሠራ ክፍል የገባች ተማሪ እሆናለሁ።

ዛሬ ማታ ለእ. መጻፍ ነበረብኝ። ኀዘን ከደረሰባት በኋላ የመጀመሪያዋ ገና ነው። ስልኬን ይዤ ጋደም አልኩ፣ የምላት ጠፋኝ፣ ጥቅስ ቢጤ ላገኝ ማቴዎስን ከፈትኩ። እዚያ ዮሴፍ ያዘኝና ቀረሁ።

ዮሴፍ በአራቱም ወንጌል አንዲት ቃል ሲናገር አናገኘውም። ማርያም ትጠይቃለች፣ ታመሰግናለች። ዘካርያስ እንኳ ወራት ሙሉ አንደበቱ ታስሮ ከርሞ ሲፈታለት ዝም ያለበትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያወጣዋል። ዮሴፍ ግን ይተኛል። በማቴዎስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች አራት ጊዜ በሕልም ይነገረዋል፦ እጮኛህን ለመውሰድ አትፍራ፤ ተነሣ፣ ወደ ግብፅ ሽሽ፤ ተነሣ፣ ተመለስ፤ በስተመጨረሻም አቅጣጫህን ወደ ገሊላ አድርግ። እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ነቅተው ሲጠብቁ ነው መልአኩ የቆመላቸው። ለዮሴፍ የሚመጣው ግን ተኝቶ ሲገኝ ነው። (ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚባለው እውነት ሳይሆን አይቀርም። የፊተኛው ዮሴፍም ሕልመኛ ነበር፣ የሁለቱም አባት ያዕቆብ ይባላል፣ ሁለቱንም መንገዱ ግብፅ አድርሷቸዋል።)

እኔን የገረመኝ ግን ከሕልሙ ይልቅ እንቅልፉ ነው። እስቲ የመጀመሪያውን ሌሊት አስቡት። እጮኛው ፀንሳለች፣ ከእሱ እንዳልሆነ ያውቃል። ሊያጋልጣት አልፈለገም፣ በስውር ሊተዋት ቆርጧል። «እርሱ ግን ይህን ሲያስብ» ይላል ማቴዎስ፣ ወዲያው ሕልም። እያሰበ እንቅልፍ ወሰደው! እኔ አንድ ሰው ሰላምታዬን ቀዝቀዝ አድርጎ ከመለሰልኝ ጣሪያ ሳይ ነው የማድረው።

የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ ጠረጴዛቸው ላይ የተኛ ዮሴፍ ምስል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ማኒላ ላይ እንደተናገሩት፣ ችግር ሲገጥማቸው በወረቀት ይጽፉና ምስሉ ሥር ያስገቡታል፣ እሱ ተኝቶ ያልምበት ብለው። ደስ ይላል። እኔ ብሆን ግን ወረቀቱን አስገብቼ፣ ሰዓት ሳይሞላ መልሼ አውጥቼ፣ አርሜ አስገባለሁ።

ምናልባት ስንለምነው የኖርነው ሰላም ይኸው ይሆን? ነገሩ ሳይፈታ ጎንን ማሳረፍ መቻል። ከአራቱ ሕልሞች አንዱም መጨረሻውን አይነግረውም። ግብፅ ሂድ ሲባል እንኳ «እስክነግርህም ድረስ በዚያ ተቀመጥ» ነው የተባለው፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልተነገረውም። ደግሞ የልጁን ነገር አስቡት፤ ማዕበሉ ታንኳይቱን እየሞላ፣ ደቀ መዛሙርቱ እየጮሁ፣ እሱ ትራስ ተንተርሶ ተኝቷል። ይህን ከማን ወሰደው? ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። የነገረ መለኮት ሰዎች ይቅር ይበሉኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «በሰላም እተኛለሁ አንቀላፋለሁም» የሚለውን ከመዝሙር 4 ገልብጦ መላክና መብራት ማጥፋት። ግን ጣቴ ወደ ታች ወረደ፣ ሄሮድስ ላይ ደረስኩ። ሕፃናቱ ላይ።

«ራሔል ስለ ልጆችዋ አለቀሰች፥ መጽናናትም አልወደደችም፥ የሉምና።»

ይህን ቁጥር በገና ካርድ ላይ ታትሞ አይቼው አላውቅም። የገና ታሪክ ውስጥ ግን አለ፣ ከሰብአ ሰገል ወርቅ ብዙም ሳይርቅ። ማቴዎስ ጥቅሱን የወሰደው ከኤርምያስ 31 ነው፤ ኤርምያስ ላይ ቀጣዩ ቁጥር ድምፅሽን ከልቅሶ ከልክዪ ይላታል፣ ተስፋም ይሰጣታል። ማቴዎስ እዚያ ሳይደርስ አቆመ። ለምን? እኛ እኮ ለቅሶ ቤት ገብተን ገና ሳንቀመጥ ነው «ተጽናኑ» የምንለው። እሱ ግን መጽናናት አልወደደችም ብሎ ተዋት፤ አልገሠጻት፣ አላቻኮላት። እ. ባለፈው «ሁሉም ተጽናኚ ይለኛል፤ ማን እንደቸኮለ አላውቅም» ያለችኝ መጣብኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። የማይረባ ነገር ነው የሚሆነው።

ደግሞ ያን ሌሊት ቤተ ልሔም ውስጥ ሌሎች አባቶችም ተኝተው ነበር። የእነሱ እንቅልፍም እንቅልፍ ነው። ተነሣ ያላቸው ግን የለም። ለዚህ በስብከት የሰማኋቸው መልሶች ሁሉ የማሳመሪያ ችኮላ አላቸው፣ እኔም የተሻለ የለኝ።

ወሬው ለዮሴፍ ግብፅ ድረስ ደርሶት ይሆን? ከቤተ ልሔም የመጣ መንገደኛ ነግሮት ይሆናል። ከሰማ በኋላስ? ሦስተኛው ሕልም የመጣለት እዚያው ግብፅ ነው፤ ተኝቷል ማለት ነው። የነዚያ ሰዎች ልጆች እንደሌሉ እያወቀ፣ የእሱ አጠገቡ እየተነፈሰ፣ ዓይኑን ከደነ። እንዴት አድርጎ?

ልጠይቀው ብል እሱ አይናገርም፤ በሕልሜ ይምጣ ብል እኔ አልተኛም።