ጣቴ ወደ ትዝታ ሲሄድብኝ

ዝናቡ ዛሬ አልቆም አለ። ከቤት መውጣትም አላማረኝ። እንዲህ ሲደብረኝ ዝም ብዬ ኪቦርዱ ጋ ነው የምቀመጠው።

የሌሎችን የሙዚቃ ስልት አንድ በአንድ እየተከተልኩ ለመሥራት እሞክራለሁ። አሁን የያዝኩት ዲፕ ሃውስ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ የዳንስ ሙዚቃ ነው። ከዚያ በፊት አሜሪካዊውን የሙዚቃ ደራሲ ስቲቭ ራይሽን ስከተል ነበር። አንድ አጭር ዜማ ሁለት ሆኖ አብሮ ይጀምራል፤ ከዚያ አንዱ በጥቂት በጥቂቱ እየቀደመ ከሌላው ይላቀቃል። እሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሃውስ ግን ወገብ ነው። ኪኩ፣ ወፍራሙ የከበሮ ምት፣ በደቂቃ 120 ጊዜ አካባቢ ሳይዛነፍ ይመታል። ከላዩ አንድ ኮርድ፣ አብረው የሚሰሙ ድምፆች፣ ቅርጹን ሳይለቅ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል።

ጣቴ ግን ሳላዘው ወደ ትዝታ ቅኝት ይሄዳል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ፋና ሲ የሉበትም። ኮርዱ ያንኑ ቅርጽ እንደያዘ ሲንሸራተት የሌሉትን ድምፆች ጎትቶ ያመጣቸዋል። ያኔ ትዝታው ብን ብሎ ይጠፋል። ቅርጹን ልተወው ስል ደግሞ ሃውስነቱ ይሄዳል።

ይሄኔ ሙላቱ አስታጥቄ ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ባወጣቸው አልበሞች የላቲን አሜሪካ ሙዚቃው ጎልቶ ይሰማል። ስሰማቸው የሰው ቤት ገብቶ ሥርዓቱን ከልቡ የሚማር ወጣት ይታየኛል። እንዴት ደስ ይላል!

አያቴም ቅኔ የተማሩት እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት ብቻ። እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደረሳል። መንገዱ የመምህሩ ነው፤ ቅኔው ግን ሁሌም አዲስ መሆን አለበት። የትናንቱን መድገም የለም። ይህን ሳስብ ኪኩ ለካ ብቻውን እየመታ ቆይቷል።

አንድ ጓደኛዬ «የራስህን መቼ ነው የምትሠራው?» እያለ ይነዘንዘኛል። አልፈርድበትም። እኔ ግን የሌላውን ስሠራ ነው የራሴን ጆሮ የማገኘው። ትዝታው ካልጠራሁት ቦታ ብቅ ሲል ደስ ይለኛል፤ ያስፈራኛልም።

ቀጥሎ ድራም ኤንድ ቤዝ ነው ያሰብኩት፣ በደቂቃ 170 ምት ገደማ የሚሮጠውን ሌላ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ። ትዝታው እዚያም ከተከተለኝ ምን ልበለው? የራሴ ድምፅ ነው? ወይስ ከልጅነት ጆሮዬ ገና አልወጣሁም?