ካርድ ያልወጣላቸው ሕሙማን፦ የግሪንስቦሮ ጉዞ

ከዋሽንግተን ተነስተን በሪችመንድ በኩል ወደ ሰሜን ካሮላይና ስንወርድ መኪናዋን የምትነዳው ጓደኛዬ ነበረች። ነርስ ናት። ሆስፒታሎች በዘር ተከፋፍለው ስለነበሩበት ዘመን መዛግብት ላገላብጥ መሆኑን ስነግራት ፈቃድ ወስዳ አብራኝ መጣች።

በርሊንግተን አካባቢ ለዶክተር ቻርልስ ድሩ መታሰቢያ የቆመ ምልክት አለ። የደም ባንክን ሥራ መልክ ያስያዙት ድሩ፣ የእኛው ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና በተማሩበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 እዚሁ አጠገብ መኪናቸው ተገልብጦ ሞቱ። ጓደኛዬ የሰማችው «ጥቁር ስለሆኑ ሳይታከሙ ቀርተው ነው» የሚለውን ነው፤ ብዙ ሰውም ይህንኑ ያምናል። ነገሩ እንዲያ አልነበረም። አላማንስ ሆስፒታል የነበሩ ነጭ ሐኪሞች ሊያድኗቸው ታግለዋል፤ አብረዋቸው የተጓዙት ጥቁር ሐኪምም መስክረዋል። ወሬው የታመነው ግን በሌሎች ላይ በእርግጥ ይደርስ ስለነበር ነው። የአሜሪካ ቀይ መስቀል ራሱ የጥቁሩንና የነጩን ደም ለይቶ ማስቀመጡን የተወው በዚያው በ1950 ነው።

ግሪንስቦሮ ላይ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የመዛግብት ክፍል ገባን። ቦርሳ ውጭ ይቀራል፣ እስክሪብቶ ክልክል ነው፣ የሚፈቀደው እርሳስ ብቻ። የጠየቅኩት የጥርስ ሐኪሙን የጆርጅ ሲምኪንስን ክስ የሚመለከቱ ወረቀቶችን ነው።

ሲምኪንስ ዘንድ መንጋጋው ያበጠና ትኩሳት የያዘው ተማሪ ይመጣል። የጥቁሮቹ ሆስፒታል ኤል ሪቻርድሰን ሞልቷል። ሞዘስ ኮንና ዌስሊ ሎንግ የተባሉት የነጮቹ ሆስፒታሎች ደግሞ አንቀበልም አሉ። ሐኪሙ ሁለቱ በማን ገንዘብ እንደተሠሩ ሲያጣራ የፌዴራል መንግሥት ድጎማ እንዳለበት ደረሰበት። የ1946ቱ የሂል በርተን ሕግ በድጎማው በሚሠሩ ሆስፒታሎች አድልዎን ይከለክልና ወዲያው ደግሞ ለተለያዩ የሕዝብ ክፍሎች የተለያዩ ተቋማት ካሉና አገልግሎታቸው የሚመጣጠን ከሆነ መለያየት ይፈቀዳል ይል ነበር። ይህን አንቀጽ ደጋግሜ አነበብኩት። መለያየቱ ቅጽ ነበረው፣ ፊርማ ነበረው፣ በጀት ነበረው። በዚያ በጀት ውስጥ በሩ ላይ የተመለሰው ጥቁር የከፈለው ግብርም አለ። ይህን ሳስበው እስካሁን ያንገበግበኛል።

በ1962 ጥቁር ሐኪሞች፣ የጥርስ ሐኪሞችና ሕሙማን ከሰሱ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ሆስፒታሎቹ የግል ናቸው ብሎ ክሱን ውድቅ አደረገው። የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ግን ከከሳሾች ጎን ቆሞ፣ የገዛ መንግሥቱ ያወጣው አንቀጽ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ተከራከረ። ኅዳር 1963 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በአንድ ድምፅ ብልጫ ለከሳሾች ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አልመለከትም በማለቱ ፍርዱ ጸና። ከዚያ በ1966 ሜዲኬር የተባለው የመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን ሲጀመር፣ ዘር የሚለይ ሆስፒታል ከዚህ ገንዘብ አያገኝም ተባለ። በእኔ እምነት በመላው አገሪቱ በሮቹን ቶሎ ያስከፈተው ይኸኛው ነው።

ከከሳሾቹ አንዱ ዶክተር አልቪን ብላንት ኋላ በሞዘስ ኮን ቀዶ ሕክምና ያደረጉ የመጀመሪያው ጥቁር ሐኪም ሆነዋል። ሆስፒታሉ በ2016 በይፋ ይቅርታ ሲጠይቅ ከከሳሾቹ ሐኪሞች በሕይወት የነበሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ፋይሉን ስንመልስ ጓደኛዬ «የተመለሱት ሕሙማንስ የታሉ?» አለችኝ። ከዚያ መልሱን ራሷ ሰጠችው፦ «ያልገባ ሰው ካርድ አይወጣለትም።» ልክ ናት። በሆስፒታል መዝገብ ውስጥ እነዚያን ሰዎች ብፈልጋቸው አላገኛቸውም፤ ዱካቸው ያለው በክስ ወረቀት፣ በምስክር ቃል፣ በጥቁሮች ጋዜጣ ነው። ስለዚህ ስንመለስ ደርሃም ላይ ወረድንና እዚያ ይታተም የነበረውን የካሮላይና ታይምስን የቆዩ እትሞች ማገላበጥ ጀመርን።