ለ10 ሺህ ሜትር ሄጄ 50 ሜትር አየሁ

የአትሌቲክስ ትኬት ያጣ ሐበሻ ዋና ያያል። የእኔም ነገር ይኸው ነው።

የፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ የወንዶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ዓርብ ኦገስት 2 ምሽት፣ በእኛ ሐምሌ 26 መሆኑ ነው፣ ስታድ ደ ፍራንስ ላይ ነበር። ሰለሞን ባረጋ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻ፣ በሪሁ አረጋዊ። ሦስቱን በአንድ ሩጫ ለማየት ከፍራንክፈርት ፓሪስ ምን አላት? የራቀው ዋጋው ነው። ሰዎች ትኬታቸውን መልሰው በሚሸጡበት ገጽ ላይ ማታ ማታ አፍጥጬ ብቀመጥ የሚመጣልኝ ወይ አቅሜ የማይችለው ነው፣ ወይ ልከፍል ስል ዓይኔ እያየ የሚጠፋ። በመጨረሻ ለዚያው ምሽት አንድ የዋና ትኬት ብቅ አለ። ከመቶ ዩሮ ትንሽ ከፍ ይላል። የወንዶች 50 ሜትር ነጻ ቀዘፋ ፍጻሜ ያለበት ነው ይላል። ባዶ እጅ ከመቅረት ብዬ ገዛሁት።

ስለ መንገዱ ብዙ የምለው የለም። የሌሊት አውቶቡስ ነው። ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ እስከ ድንበር ድረስ ስልኩን ጮክ አድርጎ ፊልም አየ።

አልጋው ግን ዛሬም ያናድደኛል። ፓሪስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ቤቷን ለኦሎምፒክ እንግዳ አከራይታ እሷ ለእረፍት ወደ ባሕር ሄዳለች። አልፈርድባትም። ግማሹ የፓሪስ ሰው ያደረገው ያንኑ ነው። እኔ ግን ሳን ደኒ ውስጥ አንድ ክፍል ለአንድ ሌሊት 140 ዩሮ ከፈልኩ። መስኮቱ እጅ ብቻ ያስወጣል። ሙቀቱ አይጣል ነው። ባለቤቱ ቁልፉን ሲሰጠኝ ጥግ ላይ የቆመውን ቬንትሌተር እያሳየ "ይኼ ከፈለግክ ለብቻው 10 ዩሮ ነው" አለኝ። ጀርመን ብዙ ዓመት ስለኖርኩ ውሉ ላይ ያልተጻፈ ነገር አይከፈልም የሚል ጠባይ ተጠናውቶኛል። ውሉን አውጥቼ ላሳየው ስል ሰውዬው ሶኬቱን መንቀል ጀመረ። ከፈልኩ።

ደግሞ ይበልጥ የሚያሳርረው ክፍሏ ከስታድ ደ ፍራንስ በእግር የሚደረስባት መሆኗ ነው። የማልገባበት ስታዲየም አጠገብ አድሬ፣ ለዋናው ከተማውን አቋርጬ ወደ ናንቴር መሄድ።

በዚያ ሰሞን የሜትሮ ትኬት ከ2.15 ወደ 4 ዩሮ ተሰቅሏል። ሻትሌ ላይ ቀይሬ ላ ዴፋንስ ወረድኩ። ሮዝ ቀለም ያላቸውን ምልክቶች ተከትሎ መሄድ ነው፣ መጥፋት አይቻልም። በየአሥር እርምጃው አንድ በጎ ፈቃደኛ ቆሞ ሰላም ይላል። መጀመሪያ ደስ ይላል፣ በኋላ መመለሱ ይደክማል።

ላ ዴፋንስ አሬና የራግቢ ቤት ነው፤ ራሲንግ 92 የሚባለው ክለብ ይጫወትበታል። ለኦሎምፒኩ ሲባል ሜዳው ላይ ሁለት ገንዳ ገጠሙበት፣ አንዱ ለውድድር፣ አንዱ ለማሟሟቂያ። ሲያልቅ ተነቅሎ ሄዷል። ከላይ ሆኜ ሳየው ውሃው የተቀመጠው መድረክ ላይ ነው፣ ዙሪያው ጨለማ፣ እሱ ብቻ ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። የክሎሪን ሽታ እስከ እኔ ወንበር ድረስ ይወጣል።

ዓርብ ስለሆነ ጾም ነው። ካሉት ምግቦች ለጾመኛ የሚሆነው የድንች ጥብስ ብቻ ሆነ። ቢራም አልኮል የሌለው ብቻ ነው የሚሸጠው፣ የአገሩ ሕግ ነው አሉኝ። መጠጥ በቀዳበት የፕላስቲክ ኩባያ ላይ 2 ዩሮ መያዣ ይጨምራሉ። ኩባያውን መልሼ 2 ዩሮዬን ልቀበል ሰልፉን ሳየው ሐሳቤን ቀየርኩ። እስከ ዛሬ ቡና እጠጣበታለሁ።

አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ከሊዮን አካባቢ ነው የመጡት። ድሮ የዋና አሠልጣኝ ነበሩ። አንገታቸው ላይ በጥቁር ክር የተንጠለጠለ ስቶፕዎች አለ፣ ቁልፉ ላይ ያለው ቀለም በአውራ ጣት ከመጫን ብዛት ተልጦ ብረቱ ወጥቷል። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። "ኢትዮጵያ! ታዲያ እዚህ ምን ታደርጋለህ?" አሉኝ። ትኬት አጥቼ ነው ስላቸው ልጅቷ ሳቀች፣ እሳቸው ግን ቅር ያላቸው መሰለኝ።

ከዚያ ማስተማር ጀመሩ። የልጅ ልጃቸው እንግሊዝኛ ትረዳቸዋለች። 50 ሜትር ማለት ገንዳውን አንድ ጊዜ ማቋረጥ ነው፣ ዞሮ መመለስ የለም። ስለዚህ ስሕተት የሚታረምበት ቦታ የለውም። አብዛኞቹ ትንፋሽ አይወስዱም፣ ቢወስዱ አንዴ ነው። ጭንቅላት በዞረ ቁጥር መቶኛ ሰከንድ ይሄዳል። ከተዘለለ በኋላ ከውሃ በታች መቆየት የሚቻለው እስከ 15 ሜትር ብቻ ነው። "እጃቸውን አትይ፣ ሁሉም አረፋ ነው። ጭንቅላታቸው መጀመሪያ የት እንደሚወጣ እይ" አሉኝ።

ስለ ገንዳውም ቅሬታ ነበራቸው። ጥልቀቱ 2.15 ሜትር ነው፣ ሦስት ሜትር ቢሆን ኖሮ ማዕበሉ ከታች ተመልሶ አያውክም ነበር ይላሉ። ከሁለት ቀን በፊት ቻይናዊው ፓን ዣንሌ በዚሁ ውሃ 100 ሜትሩን በ46.40 ዋኝቶ የዓለም ክብረ ወሰን መስበሩን ልጅቷ ስታስታውሳቸው እጃቸውን አወናጨፉ። የ50 ሜትሩ ክብረ ወሰን ግን በዚያ ምሽትም የብራዚሉ ሴዛር ሲየሎ 20.91 ነበር፣ ከ2009 ጀምሮ። በዚያ ዘመን ገላን ሙሉ የሚሸፍን፣ ዋናተኛውን የሚያፈጥን የፕላስቲክ (ፖሊዩሬታን) ልብስ ይለበስ ነበር፣ በማግሥቱ ዓመት ታገደ።

የፈረንሳዮቹ ሰው ፍሎራን ማናውዱ ነው። ለንደን 2012 ወርቅ፣ ሪዮ ላይ በአንድ መቶኛ ሰከንድ ተበልጦ ብር፣ ቶኪዮ ላይ ብር። ሪዮ ላይ የቀደመው አሜሪካዊው አንተኒ ኧርቪን ነው፤ ይኼ ደግሞ ሲድኒ 2000 ላይ ወርቅ ወስዶ፣ ከ16 ዓመት በኋላ በ35 ዓመቱ ተመልሶ የወሰደ ጉደኛ ነው። ማናውዱ ያኔ 33 ሞልቶት ነበር። በመክፈቻው ዕለት በሴን ወንዝ ላይ የአገሩን ባንዲራ ይዞ በዝናብ የበሰበሰው እሱ ነው።

የምሽቱ የመጀመሪያ ፍጻሜ ይኼው ነበር። በ2:30 ስምንቱ ወጡ። ማናውዱ ሲወጣ ወንበሩ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ ብል አላጋነንኩም። ከዚያ ፊሽካው ተነፋ፣ መነሻው ላይ ወጡ፣ ሕዝቡ ጭጭ አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ስታዲየም ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። እኛ አገር ሯጭ ሊነሳ ሲል እንኳ አንዱ ማፏጨቱ አይቀርም። አንድ ሕፃን አለቀሰ፣ እሱ ብቻ ተሰማ።

ድምፁ ተለቀቀ፣ ዘለሉ።

ጭንቅላት የት እንደሚወጣ ላይ ብዬ ነበር። አላየሁም። ከፊቴ ያለው ሰው ተነሳ፣ እኔም ተነሳሁ፣ ስምንት ነጭ አረፋ እኩል ወደ ግድግዳው ይሮጣል፣ ጩኸቱ ጆሮ ይዘጋል፣ አለቀ። ማን እንዳሸነፈ የሚያውቅ ሰው የለም። ዋናተኞቹ ራሳቸው አያውቁም። ሁሉም መነጽሩን ገፍቶ ወደ ሰሌዳው አንጋጠጠ። አውስትራሊያዊው ካሜሮን ማክኤቮይ 21.25። እንግሊዛዊው ቤን ፕራውድ 21.30። ማናውዱ 21.56።

ለነሐስ እንዲህ ሲጨፈር አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ሰዓታቸውን አዩ፣ ወደ ሰሌዳው አዩ፣ ቀና ብለው "በ50 ሜትር አራት ኦሎምፒክ፣ አራት ሜዳሊያ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። የቶኪዮው ባለወርቅ ኬለብ ድሬሰል 21.61 ገብቶ ስድስተኛ ነው። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ያለው 5 መቶኛ ሰከንድ ነው። እንዲህ ባለ ነገር ሰው ዕድሜውን ያስይዛል?

እኔን የገረመኝ ማክኤቮይ ነው። ሪዮ ላይ 100 ሜትሩን ይወስደዋል ተብሎ ተጠብቆ ሰባተኛ የወጣ ነው። ከቶኪዮ በኋላ ገንዳውን ትቶ ነበር። ሲመለስ ድሮ የለመደውን ረጅም ዋና ጥሎ፣ አጭርና ፈጣን ልምምድና ክብደት ማንሳት ላይ አተኮረ። ፊዚክስ የተማረ ሰው ነው፣ ሒሳቡን ሠርቶታል ማለት ነው። በአራተኛ ኦሎምፒኩ፣ በ30 ዓመቱ ወርቅ አገኘ። አውስትራሊያ 50 ሜትሩን በወንድ ስትወስድ የመጀመሪያዋ ነው።

ሽማግሌው ረጋ ሲሉ "እናንተ ዋናተኛ የላችሁም?" አሉኝ። አሉን አልኳቸው። አብዱልመሊክ ሙክታር ቶኪዮ ላይ በ50 ሜትር ተወዳድሯል፣ መክፈቻው ላይ ባንዲራ የያዘውም እሱ ነው። ሪዮ ላይ ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትሩን በ1:04.95 ጨርሶ ዓለም የተሳለቀበትንም ጠቀስኩ። እሳቸው ደግሞ ሲድኒ ላይ 100 ሜትሩን ብቻውን የዋኘውን የኢኳቶሪያል ጊኒውን ኤሪክ ሙሳምባኒን አነሱ። አጠገቡ የነበሩት ሁለቱ ከምልክቱ በፊት ተነስተው ስለተባረሩ ነው ብቻውን የቀረው፣ 1:52.72 ፈጀበት። "የት ነበር የሚለማመደው? ይኼን የጠየቀ አለ?" አሉ። ወደድኳቸው። እኔ ዋና ተማርኩ ከተባለ ሶደሬ ነው። የተማርኩትም ጠርዙን ይዤ እንደ ዶሮ ጫጩት መንፈራገጥ ነበር። አገሬ ውስጥ ባለ 50 ሜትር ገንዳ ስንት ልጅ ይደርሰዋል?

ከዚያ ፈረንሳዊው ዋናተኛ ሊዮን ማርሻ መጣና ቤቱ ፈረሰ። 200 ሜትር ድብልቅ (አራቱም የቀዘፋ ዓይነት በአንድ ውድድር)፣ 1:54.06፣ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን፣ ለብቻው አራተኛ ወርቁ። በደረት ቀዘፋው ላይ ጭንቅላቱ ብቅ ባለ ቁጥር ሕዝቡ አንድ ላይ ይጮኻል፣ ሲጠልቅ ዝም ይላል፣ ብቅ ሲል ይጮኻል። እኔም አብሬ ጮኽኩ፣ በአማርኛ።

በ3:20 ግን ልቤ ሳን ደኒ ነው። ስልኬ ቻርጅ ጨርሷል። ልጅቷ ምን እንደሚያቁነጠንጠኝ ጠይቃ ስትረዳ የራሷን ስልክ ከፈተችልኝ። ገንዳው ውስጥ ግማሽ ፍጻሜ ይዋኛል፣ እኛ ሦስታችን ተጠጋግተን መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ 10 ሺህ ሜትር እናያለን። የእኛ ልጆች ከመጀመሪያው ጀምረው አፈጠኑት። 25 ዙር ነው ስላቸው ሽማግሌው ራሳቸውን ያዙ። የመጨረሻው ዙር ላይ ዩጋንዳዊው ጆሽዋ ቼፕቴጌ አመለጠ። "ኧረ በሪሁ! በሪሁ ንካው!" ብዬ ስጮህ ከፊታችን ያሉት ዞሩ። በሪሁ ከኋላ ተስፈንጥሮ መጣ፣ ብር።

ቁጥሩን ያነሱት ሽማግሌው ናቸው። ሙያቸው አይደል። ቼፕቴጌ 26:43.14፣ በሪሁ 26:43.44፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር 26:43.46። ከወርቅ እስከ ነሐስ 32 መቶኛ። እኛ ባየነው 50 ሜትር ከወርቅ እስከ ነሐስ 31 መቶኛ። አንዱ 27 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ አንዱ 21 ሰከንድ። እኔ ደግሞ ፍጥነቱን አሰላሁ። ማክኤቮይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ነው የሄደው። ሱሉልታ ላይ ይኼ ማሟሟቂያ ነው። ለሽማግሌው ነገርኳቸው፣ "ታዲያ ሱሉልታ ላይ ውሃ አለ?" አሉኝ።

ስንለያይ ልጅቷ ከቦርሳዋ የስልክ ባትሪ አውጥታ ባቡር እስኪደርስ ቻርጅ አድርግ አለችኝ። እስከ ጣቢያው አብረውኝ ሄዱ። እግዜር ይስጣቸው።

ሳን ደኒ ስደርስ መንገዱ ባንዲራ በለበሱ ሐበሾች ተሞልቷል። ከስታዲየሙ የወጡ ናቸው፣ ተናደዋል። ሦስት ሆኖ ገብቶ አንድ ብር ምንድነው ይላሉ። 13 ሯጭ የቀነኒሳን የቤይጂንግ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ባሻሻለበት ሩጫ ብሩም ቀላል አይደለም ብላቸው የሚሰማኝ የለም። አንዱ "አንተ በየት በኩል ነበርክ?" አለኝ። ዋና ነበርኩ ስለው ጓደኞቹን ጠርቶ አሳያቸው።

ለዚያች ዓመት ኢትዮጵያ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ መጣ፣ ታምራት ቶላ በማራቶን፣ 2:06:26። እኔ ያኔ ፍራንክፈርት ሶፋዬ ላይ ነኝ። ማራቶን ደግሞ በፓሪስ አውራ ጎዳና ላይ ነው የሚሮጠው፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለማየት ትኬት አይጠየቅም።